ደሟን የጨረሰው ጾሙ አልነበረም

መዝገብ ላይ እንዲሰፍርልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የልጅ ልጄ ደሟ አልቆ መቆም አቅቷት ሕክምና ቤት ይዣት በሄድኩ ጊዜ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እማማ፣ ልጅቷን በጾም ሊገድሏት ነው እንዴ?» ተባልኩ። በካርዷም ላይ እንደዚያው ተጻፈ። ጣቷን ወግቶ ደሟን ያየ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ቤት፣ በዚያው የጤና መኮንን እጅ ለከባድ ወባ በመርፌ ታክማ እንደዳነች ያስታወሰም አልነበረም። ያንን መርፌ የወሰደ ሰው ከዳነ በኋላ ደሙ ሊያልቅበት እንደሚችል፣ ስለዚህም እየተመላለሰ መታየት እንዳለበት ሲያሰናብቱን አልነገሩንም። ሳይነግሩኝ ቀርተው ጥፋቱን ለእኔ አሸከሙኝ። የሕክምና ቤቱን ስም አልጽፍም። ከግድግዳ ጋር ጠብ የለኝም።

ልጅቷን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ፣ የእኔ ልጅ፣ የአምስት ዓመት ሕፃን ትታልኝ ዐረብ አገር ገባች። የሄደች ቀን ትንሿን ጭኔ ላይ አስቀምጣ «እማ፣ አማና» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። አማና ከአደራ ይከብዳል፤ አላህ ፊት ቆመው የሚጠየቁበት ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ትደውላለች፣ እኔም በየጁምዓው «ልጅሽ ደህና ናት» እላለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም።

ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ ልጅቷ ገና ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ሐይቅ ከተማ በደስታ መንገድ ላይ ሲወጣ እሷም ከጓደኞቿ ጋር ወጥታ ድምጿ ተዘግቶ ተመለሰች። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። ወደ አርዲቦ በኩል ሸሽተን ዘመድ ቤት ተጠጋን። ስንመለስ ቤታችን ቆሟል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ድስቱ የለም፣ ብርድ ልብሱ የለም፣ የምንተኛበት አጎበር እንኳ የለም። አጎበር የዘረፈ ሰው ምን ሊያደርገው እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልገባኝም። የትምህርት ቤቱ ወንበር ለማገዶ ነዷል።

ትምህርት እስኪከፈት ብላ ከሰፈር ሴቶች ልጆች ጋር ከውጫሌ ቁልቁል ወዳለው ቆላ ወረደች። እዚያ በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት አለ፣ ነቀላው የሴት ሥራ ነው። «ለሦስት ሳምንት ብቻ፣ እማ» አለችኝ። አልወደድኩትም። ቆላ የሚሄድ ሰው ወባ ይዞ ይመለሳል ብያታለሁ። እሷ ግን «ቤት ተቀምጬ ባዶ ግድግዳ ከማይ ወባዋን አያታለሁ» ብላ ሳቀች። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ፀሐይ አክስሏት፣ ድስትና ብርድ ልብስ ይዛ ተመለሰች።

ዘጠነኛው ጾም ላይ ብርድ ብርድ አላት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ትኩሳቱ እንደ ምድጃ ሆነ፣ ቀትር ሲሆን እኔን «እማ» ማለቷን ትታ በእናቷ ስም ትጠራኝ ጀመር። ዓይኗ ተገልብጦ ሰውነቷ ሲንዘፈዘፍ ባጃጅ ውስጥ ከነነጠላዬ ተሸክሜ አስገባኋት።

እውነት ለመናገር ያን ቀን የጤና መኮንኑ እጅ ፈጣን ነበር። ወጣት ነው፣ ጺሙ ገና በቅጡ አልበቀለም። ሕክምና ቤቱም እንደ እኛ ቤት ተዘርፎ ነበር፤ ማይክሮስኮፑ የለም፣ የደም መለኪያው የለም፣ አልጋው ሽቦው ይታያል። በጠብታ ደም የሚሠራው የወባ መመርመሪያ ግን ነበራቸው። «ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል» ብሎ ጊዜ ሳያጠፋ በደም ሥሯ መርፌውን ሰጣት። አመሻሹ ላይ ደገመላት። በማግስቱ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ከጠጣች በኋላ ዙሪያዋን አይታ «ስንተኛው ጾም ነው?» አለች። አለቀስኩ። መኮንኑም ፊቱን አዞረ።

አራት ቀን ተኛች። ሲያሰናብተን ሁለት ነገር ነገረን፤ የተሰጣትን ኪኒን እንዳታቋርጥ፣ አጎበር ውስጥ እንድትተኛ። እኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ አራተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ነኝ፣ የተነገረኝን አልጥልም። እዚያው ፊቱ ሁለቱንም ደገምኩለት። ከዚያ፣

«ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላ የለም እማማ። ድናለች።»

ድናም ነበር። በሳምንቷ ወደ ቦኖ ወርዳ ውሃ ቀዳች። መብላት ጀመረች፣ ከእኔ ጋር መጨቃጨቅም ጀመረች። የኢድ ዋዜማ ቀን እንሶስላ ወቅጬ እጇንም እግሯንም አሞቅኳት። ስንፈታው መዳፏ እስከ ጥፍሯ ድረስ ደም መስሎ ቀልቷል። ሥራዬን አይቼ ኮራሁ። ያ ቀለም በኋላ ምን እንደሚሸፍንብኝ ባውቅ ሥሩን ከነአፈሩ ሐይቁ ውስጥ በጣልኩት ነበር።

ኢድ ባለፈ በማግስቱ ጾም ያዘች። በሕመሟ ምክንያት ከረመዳን ብዙ ቀን ጎድሎባታል፣ ቀዷዋን፣ የዕዳ ጾሟን፣ ቶሎ ላውጣ አለች። እዚህ ላይ የራሴን ድርሻ እጽፋለሁ። አላዘዝኳትም፣ ግን አልከለከልኳትም። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። በእምነቷ የጠነከረች ልጅ አሳደግሁ ብዬ ለእናቷ ልነግራት አስቤ ነበር።

ግድግዳ የሚለየን ክርስቲያን ጎረቤት አለችኝ። አብረን አርጅተናል፣ አብረን ሸሽተናል። ልጅቷ ቁርስ ሳትበላ ስታያት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

«አንቺ ሴትዮ፣ ከሞት አፍ የወጣች ልጅ ታስጾሚያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ አላስጾምኳትም። ራሷ ናት።»

«ዝም ማለትሽ ማስጾም ነው።»

«አንቺ ሁለት ወር ሙሉ ጾመሽ ለፋሲካ ያን ሁሉ ዶሮ ስትጨርሺ እኔ ምን አልኩሽ?»

«ምንም አላልሽኝም፤ አፍሽን በድፎ ዳቦዬ ሞልተሽ ስታላምጪ ነበር» አለችኝ።

ሳቅን። ልጅቷም ሳቀች። ስትስቅ ግን ትንፋሽ አጠራት፣ ግድግዳውን ተደገፈች። አይቻለሁ። ጾም ነው አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከጓሮ ጠርታኝ «እማ፣ ሽንቴ ጥቁር ሻይ መስሏል» አለችኝ። «ውሃ ጥም ነው ዓለሜ፣ ስታፈጥሪ ደህና አድርገሽ ጠጪ» አልኳት። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኖ አየሁት። እሱንም ጾም ነው አልኩ። እኛ አገር የጾመ ሰው ጉልበቱ ሲከዳው፣ ከንፈሩ ሲደርቅ፣ ሽንቱ ሲጠቁር ከልጅነታችን ጀምሮ እናያለን። ዓይናችን በዚያ ተለማምዷል። ሌላ ነገር መጥቶ የጾምን ልብስ ቢለብስ አናውቀውም።

በአራተኛው ቀን ከቦኖ ስትመለስ ከነጄሪካኗ ወደቀች። ሴቶቹ ጠሩኝ። በገዛ እጄ ስኳር በውሃ በጥብጬ አፏ ውስጥ ጨምሬ ጾሟን አስፈታኋት፣ ያንኑ ባጃጅ አስቁሜ ያንኑ ሕክምና ቤት ወሰድኳት።

መኮንኑ ካርዷን ሳይከፍት ነው የጠየቀኝ።

«ምን ሆነች?»

«ወደቀች። ሽንቷ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል።»

«ትጾማለች?»

«አራት ቀን ጾማለች።»

ከዚያች ቃል በኋላ ጆሮው ተዘጋ። እጇን ያዘና መዳፏን ገልብጦ አየ። «ደም አላት፣ መዳፏ ቀይ ነው» አለ። እንሶስላ መሆኑን እሱ አላሰበም። አሞቂዋ እኔ ሆኜ እኔም አላሰብኩም። ከዚያ ነው ድምፁን ከፍ አድርጎ መጀመሪያ የጻፍኩትን ቃል የተናገረኝ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። አንዷ «አይ አሮጊት!» አለች። አንድ ጥምጣም ያደረገ ሰውዬ ደግሞ፣

«ከበሽተኛ ላይ አላህ ጾምን አንስቷል፣ አያውቁም እንዴ?» አለኝ።

«የአላህን ሕግ ከአግዳሚ ላይ ሆነህ አትስበክልኝ» አልኩት። የተናገረው ሐሰት ነው ማለት ግን አልቻልኩም። እኔም በልቤ እንደዚያ ሳልጠረጥር አልቀረሁም።

ግሉኮስ ሰጧት፣ የቫይታሚን ኪኒን ሰጧት፣ «ትብላ» ብለው መለሱን።

ያ ቀን ጁምዓ ነበር። ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። አግዳሚው ላይ ከነበሩት የአንዷ እህት ዐረብ አገር ከልጄ ጋር በአንድ ከተማ ነው የምትሠራው። ስልኩ ሲጮህ እንደ ሁልጊዜው «ልጅሽ ደህና ናት» ልል አፌን ከፈትኩ። ልጄ ቀደመችኝ።

«እማ፣ ልጄን ጾም አስይዘሻት ወደቀች ይላሉ። እውነት ነው?»

በአሥራ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን እኔ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ከመደቡ ላይ ቀና ማለት አልቻለችም። ልቧ በልብሷ ላይ ሲዘል ይታያል። ጎረቤቴ አጥሚት ይዛ ገባች። አንድ ማንኪያ ልትሰጣት አፏን ስታስከፍታት ማንኪያውን መልሳ ሳህኑ ውስጥ ጣለችው።

«ምላሷን አይተሽዋል?»

አየሁት። ነጭ ነው። የታጠበ አቡጀዲ ይመስላል። ድዷም እንደዚያው። እጇን አየሁ፣ ቀይ ነው። ምላሷን አየሁ፣ ነጭ ነው። ያኔ ነው ነገሩ እንደ ጥፊ ፊቴን የመታኝ። ቀዩ የእኔ እንሶስላ ነው፤ ከሥሩ ደም የለም።

«ይህ ጾም አይደለም» አለች ጎረቤቴ። «ከስድሳ ዓመት በላይ ጾሜያለሁ፣ ምላሴን ሰው በክፋቱ ነው እንጂ በንጣቱ አያውቀውም። ተነሺ፣ ደሴ እንሄዳለን።»

በሚኒባሱ ጎረቤቴ የልጅቷን እግር ታቅፋ ለግሸን ማርያም ተሳለች። እኔ ራሷን ይዤ አሜን አልኩ፣ የማውቀውን ሱራ ሁሉ ቀራሁባት። ሾፌሩ ሰው ለመጫን የትም አልቆመም። አላህ ይስጠው።

ደሴ ያየችን ሐኪም ሴት ናት፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። የልጅቷን የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች፣ ወዲያው ደም እንዲቀዳ አዘዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

«እማማ፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ምን መድኃኒት ወስዳ ነበር?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከወባው ስንወጣ የተሰጠንን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አነበበችው። መርፌው ከተሰጣት ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በጣቴ ቆጠርኩላት፣ ዘጠነኛው ጾም፣ ኢዱ፣ ቀዷው። ሃያ አምስት ቀን ገደማ። ራሷን ነቀነቀች። የደሙ ውጤት መጣ፤ የሰው ደም አሥራ ሁለት መሆን ሲገባው የእሷ አራት ነው።

«ወባው ተመልሶ ነው?» አልኳት።

«አይደለም። ያዳናት መርፌ ነው ይህን ያመጣው።»

አልገባኝም። ቁጣ ፊቴ ላይ ወጥቶ መሆን አለበት፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እርስዎ እህል ያከማቻሉ አይደል?» አለችኝ። «ነቀዝ ገብቶበት መድኃኒት ቢያደርጉበት ነቀዙ ይሞታል። እህሉ ግን?»

«ቀዳዳው ይቀራል።»

«ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና እህል ነው። ቆይቶ ግን ዱቄት ይሆናል። የእሷም ደም እንደዚያ ነው። ወባው ደሟን ሞልቶት ነበር። መርፌው ወባውን ከውስጥ ገደለው፣ ሰውነቷም የሞተውን እያወጣ ደሙን መልሶ ለቀቀው። ያ የተበሳሳ ደም ዕድሜ የለውም። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ሽንቷን ያጠቆረው፣ ዓይኗን ቢጫ ያደረገው የፈረሰው ደም ነው።»

«እንግዲያ መርፌው ይቅርባት ነበራ!»

«ቢቀርባት ያኔውኑ ትሞት ነበር። ዛሬ እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ካለ ያንኑ መርፌ እሰጠዋለሁ። በሁሉም ላይ አይደርስም፣ የሚደርስበትን ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከመርፌው በኋላ በየሳምንቱ፣ እስከ አራት ሳምንት ድረስ፣ ደሟ መታየት ነበረበት። ተመለሱ አላሏችሁም?»

«ሌላስ ብዬ ጠይቄዋለሁ» አልኩ። «ሌላ የለም አለኝ።»

ከዚያ የሚያቃጥለኝን ጠየቅኳት። «ጾሙስ?»

«የደከመ ሰው መጾም የለበትም፣ እሱን አይድገሙት። ደሟን ግን ጾሙ አልጨረሰውም። አንድም ቀን ባትጾም ይህ ይደርስባት ነበር።»

ግድግዳውን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ የታመምኩ መስሏት ደንግጣ ተነሳች።

ደም ያስፈልጋት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተከማቸ ደም እንደ ልብ አይገኝም፣ ዘመድ አምጡ ተባልን። የእኔን «አርጅተዋል» ብለው አልቀበል አሉኝ፣ ብጣላቸውም አልሰሙኝም። ደሴ ያገባች የጎረቤቴ ልጅ ከነባሏ ሮጣ መጣች፤ ሁለቱም ሰጡ። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ የልጅቷ ከንፈር ቀስ በቀስ ቀለም ሲያወጣ ቆሜ አየሁ። ጎረቤቴ ከአልጋው ራስጌ ሆና፣

«አለቀልሽ፤ ከእንግዲህ ረቡዕና ዓርብም መጾም ይጀምራታል» አለችኝ።

«እናንተስ ደም ሰጥታችሁ ሶላት ሊያምራችሁ ይሆናል» አልኳት። ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ሳቀች። ትንፋሽዋ አልተቆረጠም።

ስድስት ቀን ቆየን። ሲያሰናብቱን ሐኪሟ ሁለት ወረቀት ሰጠችኝ። አንዱ በየሳምንቱ ለምርመራ የምንመለስበት ነው። ሌላው ለዚያ ሕክምና ቤት የጻፈችው ነው፤ ሕመሙ ምን እንደሆነና ከምን እንደመጣ ይናገራል። ለልጄ ደወልኩና ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳት፣ እንሶስላውንም ዝምታዬንም አልደበቅኩም። ሰምታ ስትጨርስ «አማናዬን አልበላሽም፣ እማ» አለችኝ። ያ ለእኔና ለእሷ በቂ ነው። ለአግዳሚው ግን በቂ አይደለም። በሰው ፊት የተነገረ በሰው ፊት ይነሳል።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን መኮንኑ የለም፣ መስክ ወጥቷል አሉኝ። ሁለተኛ ስሄድ ኃላፊው ቢሮው አስገባኝ።

«እማማ፣ ጦርነት ነበር። ማይክሮስኮፕ እንኳ የለንም።»

«ምላስ ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም» አልኩት። «በሳምንቱ ተመለሱ ለማለትም አያስፈልግም።»

«ልክ ነዎት፣ ግን...»

«ግኑን ለሌላ ቀን አቆየው» ብዬ ወጣሁ።

ሦስተኛ የሄድኩበት ቀን ማክሰኞ፣ የሐይቅ ገበያ ነበር፣ አግዳሚው እስከ በሩ ሞልቷል። መኮንኑን በሩ ላይ አገኘሁት። ወደ ክፍሉ ሊያስገባኝ ፈለገ፣ አልገባም አልኩ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ጮክ ብለህ በአማርኛ አንብበው አልኩት። መጀመሪያ በዓይኑ አነበበ፣ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ እዚያው ቆሞ፣ አግዳሚው ሁሉ እየሰማ፣ ደሟ ያለቀው ከወባው መርፌ በኋላ በሚመጣ ሕመም እንደሆነና ጾሙ እንዳላመጣው ተናገረ። ካርዷን አስፈልጎ በፊቴ የጻፈውን ሰረዘ። አጠገቡ የደሴውን ጻፈ።

የጨረስኩ መስሎት ነበር። አልጨረስኩም።

«አንተ ያዳንካት ልጅ ናት» አልኩት። «ለዚያ እስክሞት እመርቅሃለሁ። ግን ይህ እንደሚመጣ ለምን አልነገርከኝም?»

ወረቀቱን አጣጥፎ ሳይመልስልኝ በእጁ ይዞ ቆየ።

«አልደበቅኩዎትም እማማ» አለኝ። «እኔንም የነገረኝ የለም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የሰማሁት አሁን ነው፣ እርስዎ ይዘው በመጡት ወረቀት።»